ዳታቤዙ ፓይተን የተማረ ሰሞን

እኔ በምሠራበት የዓይን ክሊኒክ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። የተቀጠርኩት «የኮምፒውተር ባለሙያ» ተብዬ ነው፤ ግን ፍሪጁ ሲያጓራ የምጠራው እኔ ነኝ፣ የተራ መጠበቂያው ቴሌቪዥን ድምፁ ሲጠፋም የምጠራው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የዘበኛው የእጅ ባትሪ አልበራ ብሎ ተጠርቼ፣ ድንጋዩን አውጥቼ ገልብጬ ብከተው ቦግ አለ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ ያለኝ ክብር ከዲግሪዬ ሳይሆን ከዚያች የባትሪ ድንጋይ የመጣ ነው።

አንድ ጠባይ ደግሞ አለኝ። ምክንያቱ ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብም አይበላልኝ። ለምሳሌ ክሊኒካችን ጳጉሜን ላይ ቀጠሮ አይሰጥም። አይሰጥም በቃ። የጥቅምት መጨረሻ ላይም አይሰጥም። ለምን? ኃላፊያችንን ሲስተር ማርታን ጠየቅኋቸው። ጳጉሜን ሰው ጸበል ነው የሚውለው አሉኝ። እሺ፣ የጥቅምት መጨረሻስ? ትንሽ አሰቡና «ብርዱ ነዋ» አሉ። የደሴ ብርድ እውነት ነው፤ ግን ኅዳር ከጥቅምት ሞቆ አያውቅም። አላመንኳቸውም፤ አለቃዬ ስለሆኑ ግን ያመንኩ መስዬ ወጣሁ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የአሁኑ ጣጣ የጀመረው እንግዳ ተቀባያችን ሰሚራ የወሊድ ፈቃድ የወጣች ጊዜ ነው። ሰሚራ እያለች ቀጠሮ የሚባል ነገር አሳስቦን አያውቅም። ቀኑ ሲቃረብ ቁልፍ ትጫናለች፣ ታካሚው ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፣ ይመጣል፣ አለቀ። እሷ ስትወጣ ሥራው ለሲስተር ማርታና ለእኔ ተረፈ። ኮምፒውተሩ ቀን ምረጡ ሲል የሚዘረጋልን የፈረንጅ ካላንደር ነው። እኛም ከተዘረጋው ላይ መረጥን፣ ላክን።

ከዚያማ አበሳችን መጣ። በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ተብሎ የተጻፈላቸው፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የቀጠርናቸው ሰዎች፣ ምሳቸውን በልተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዘና ብለው ከተፍ ይላሉ። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የሚያወርዱ አንድ የደሴ ዙሪያ አባወራ፣ አሥራ አንደኛው ወር የሚል ደርሷቸው ሐምሌ መስሏቸው፣ በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ይዛወርልኝ ብለው አስደወሉ። አንዲት እናት ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን አስነብበው፣ ገና ስንት ክረምት የሚቀረው መሆኑን ሲሰሙ ቅር እንኳ አላላቸውም። ዕድሜ ከሰጠኝ እመጣለሁ ኢንሻአላህ ብለው፣ መርቀውን ስልኩን ዘጉ።

ይህ ሁሉ ተራ ምርመራ ስለሆነ ይቻላል። የሚያስፈራው ቀዶ ሕክምናው ነው። የዓይን ሞራ የሚያወጣልን ሐኪም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ አንዴ ከተመለሰ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ለእሱ የሚቀርቡት ሰዎች ቀጠሮ፣ ሰሚራ ከመውጣቷ በፊት አስገብታ የጨረሰችው ነው፤ የቀረው መልእክቱን መላክ ብቻ ነበር። ሲስተር ማርታ ጠሩኝና፣ እነዚህም እንደነዚያኞቹ ተሳስተው ቢቀሩ ሐኪሙ ባዶ አልጋ አይቶ ይመለሳል፣ ጌታ ይርዳህ አንድ ነገር አድርግ አሉኝ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የቤት አከራዬ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዱን ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሁለተኛውም እየተከተለ ነው። እኔን የሚለዩኝ በድምፄ ነው። ቢሆንም የግቢውን በር ከዒሻ ሶላት በኋላ የሚቆልፉት ራሳቸው ናቸው፤ ቁልፏ ከሸሚዛቸው ኪስ አትወጣም። አንድ ቅጂ ያሠሩልኝ ብዬ በጠየቅኋቸው ቁጥር «አብሽር፣ እያየሁህ ነው» ይሉኛል። በየትኛው ዓይናቸው እንደሚያዩኝ እንግዲህ እሳቸው ያውቃሉ።

ለሲስተር ማርታ «ቀላል ነው» አልኳቸው። ቀላል ነው የምለው ሁልጊዜም ሥራውን ከማየቴ በፊት ነው። የታካሚዎቻችን ነገር ሁሉ የተቀመጠው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዳታቤዝ ማለት፣ ገጥሟችሁ ለማታውቁ፣ የተረከበውን ሁሉ የማይረሳ የግምጃ ቤት ሠራተኛ በሉት። ማን መጣ፣ መቼ መጣ ብትሉት ወዲያው ነው። ይህን ቀን ወደ ሐበሻ ቀን ለውጠህ፣ ጳጉሜንን አስበህ፣ ዘመን መለወጫውን አስተካክለህ ንገረኝ ስትሉት ግን ግራ ይገባዋል። እንዲያ ላለው ማሰላሰል ሌላ ቋንቋ ውስጡ ይጫንለታል። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ነበረኝ። አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩለትና ዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ልከተው ስል፣ እንዲህ የሚባል ቋንቋ እኔ ዘንድ የለም አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። በየቀኑ ስገባበት ስወጣበት በኖርኩት ቤት ውስጥ ያላየሁት ክፍል መኖሩ ነዋ። የሚያስፈልገውን ነገር ከኢንተርኔት ለማውረድ ኔትወርኩን ስለማመጥ ዋልኩ። አውርጄ ልጭን ስል አሁንም እምቢ። ለምን ብዬ ሳነብ ይባስ ገረመኝ። ዳታቤዙ ቋንቋዎቹን የሚታመኑና የማይታመኑ ብሎ ይለያቸዋል። የሚታመነው ቋንቋ ከተሰጠው ክፍል አይወጣም። የማይታመነው በሩን ከፍቶ ኮምፒውተሩን ሙሉ መዞር፣ ያሻውን ፋይል መክፈት ይችላል። የእኔ ፓይተን ከማይታመኑት ወገን ነው፤ እሱን ማስገባት የሚችለው ደግሞ የሁሉ የበላይ ሆኖ የተመዘገበው ተጠቃሚ ብቻ ነው። እኔ የበላይ አይደለሁም። የባትሪ ድንጋዩ ክብር እዚህ አልሠራም።

ይህን ለጋሽ ሰይድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አወጋኋቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጥያቄ ይወዳሉ። ይሄ ፓይተን የምትለው ሌባ ነው ወይ አሉኝ። ሌባስ አይደለም፣ ነፃነቱ በዝቶ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ ተከራይ ነዋ» አሉ። «ክፍሉ የሚቀመጥ ተከራይ አለ፣ የግቢ ቁልፍ የሚፈልግ ተከራይ አለ።»

እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አልጠየቅኋቸውም።

የበላዩን ፓስወርድ የሚያውቀው ከእኔ በፊት ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢድሪስ ነው። ዳታቤዙ የሚያድርበትን ሰርቨር የተከለው እሱ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ገብቷል። ደውዬ ብጠይቀው ሳቀና «ወላሂ እኔ አላውቀውም፣ ጣቴ ነው የሚያውቀው» አለኝ። በቃሉ ሊለው ሞከረ፣ አልመጣለትም። እጁ ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ግን ራሱ ይወጣል አለ። ቅዳሜ የአያቱ ሰደቃ ስለሆነ ላፕቶፕህን ይዘህ ለምሳ ውረድ አለኝ። ጋሽ ሰይድ የኢድሪስን አባት በመንገድ ሥራ ያውቋቸዋል፤ እኔም ካልሄድኩ አሉ።

ሚኒባሱ ላይ ጋሽ ሰይድ ጋቢና ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው። ሐረጎን፣ ያንን ጠመዝማዛ የኮምቦልቻ ቁልቁለት፣ መውረድ ጀመርን። እግራቸውን አየሁት። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ፣ ከሾፌሩ ቀደም ብሎ፣ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሾፌሩም ገብቶት ነገራቸውን አልነካም። አንድ ቦታ ላይ ረገጡ፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ግራ ተጋብተው ወደ ኋላ ዞሩ። እዚህ ጋ ምን አደረጉት ብለው ጠየቁኝ። መንገዱ ሰፍቶ መታጠፊያው እንደቀረ ነገርኳቸው።

«እንደው አንድ ቀን ባየው» አሉ ቀስ ብለው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ለእኔ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸው ቀጠሯቸው ካለፋቸው በምን ፊቴ እዚያ ግቢ እንደምኖር አሰብኩ።

በወሎ ሰደቃ ላይ ተቀምጦ «እኔ እንኳ የመጣሁት ለፓስወርድ ነው» አይባልም። መጀመሪያ ሰላምታ አለ። የእኔ ጤና፣ የወላጆቼ ጤና፣ የደሴ አየር፣ የዘንድሮ አዝመራ ይጠየቃል። ከዚያ ይበላል። በቃኝ ሲባል እንደገና ይበላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው አንድ ሼህ ወደ እኔ ዘወር ብለው ለምን ጉዳይ እንደወረድኩ የጠየቁኝ። የታካሚዎቹን ስም የሚይዝ ነገር አለ፣ የእኛን ቀን አያውቅም፣ እንዲያውቅ የሚያደርገው በር ተዘግቷል፣ ቁልፉ ኢድሪስ ጣት ላይ ነው አልኳቸው። ሼሁ ምንም አልገረማቸውም። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ቤቱ ሁሉ ዘረጋ። ለዚህ ልጅ የተዘጋውን ክፈትለት፣ ዓይናቸው የታወረባቸውን አሽርልን ብለው ዱዓ አደረጉ። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ፤ አሜን ማለት ያደግሁበት ነው፤ ቀስ ብሎ ማለት ግን አልተማርኩም። «አሚን» ሲባል የእኔው ከሁሉም በልጦ ቤቱን ሞላው፣ ሕፃናቱ ዞረው አዩኝ። እስከማውቀው ድረስ ዱዓ የተደረገለት ዳታቤዝ የእኛው ብቻ ነው።

ከዚያ ኢድሪስ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረገ። ፊደሎቹ እንዲታዩን ባዶ ገጽ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ለቀቃቸው፤ ገጹ ላይ የአንዲት ሴት ስምና ጥቂት ቁጥር ወጣ። ትሪ ልታነሳ የመጣችው ባለቤቱ ቆም ብላ አነበበች። ስሙ የእሷ አይደለም። ኢድሪስ የሰርቨሩ ስም ነው አለ። ሰርቨር እንዲህ ተብሎ ይጠራል እንዴ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩን ምክንያት ሳላጣራ ከሰው ቤት ወጣሁ።

ደሴ ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነበር። ፖስትግሬስ ውስጥ አንዲት እናት ዳታቤዝ አለች፤ አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር ከእሷ ተቀድቶ ነው የሚወለደው፤ እሷ ያላት ሁሉ ለእሱ ይተርፈዋል። ብልጥ ነኝ ብዬ ቋንቋውን በእሷ ላይ ጫንኩት። እናትየው ካወቀች ልጆቹ ሁሉ ያውቁ የለ? ወደ ክሊኒኩ ዳታቤዝ ሄጄ ብጠይቀው፣ አሁንም እንዲህ የሚባል ቋንቋ የለም። ለካ የእናቲቱ ትምህርት የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለሚወለደው ነው፤ አስቀድሞ ተወልዶ ሥራ የያዘው እንደነበረ ይቀራል። እንግዲያ አዲስ ልጅ ይወለድ ብዬ ሌላ ዳታቤዝ ፈጠርኩ። ያማ ሊቅ ሆኖ ወጣ። ጳጉሜንን ጭምር አሳምሮ ይቆጥራል። ታካሚ ስለው ግን ባዶ ነው፤ አንድም ሰው አያውቅም። ደብቄ ምን ይጠቅመኛል፣ ከእሱ ጋር ረጅም ጊዜ ተጫወትኩ። እኔ የተወለድኩበት ቀን በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ የእናቴን ሠርግ ጠየቅሁት፣ የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ ሊነግረኝ ይችል እንደሆነ ማሰብ ጀምሬ ሳለ ሲስተር ማርታ ገብተው ሥራው ደረሰ ወይ አሉ።

መጨረሻ ላይ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ዳታቤዝ ገብቼ ቋንቋውን እዚያው ጫንኩት። ኮምቦልቻ ድረስ የወረድኩለት፣ ዱዓ የተደረገለት፣ የሰው ትዳር ያናጋሁለት ነገር አንዲት መስመር ጽሕፈት ናት። እኛ ባስገባናቸው የምርመራ ቀጠሮዎች ላይ ሞከርኩት። እያንዳንዱ ልክ። ሲስተር ማርታ ጌታን አመሰገኑ፣ እኔን ትከሻዬን መቱኝ። ለቀዶ ሕክምና ሰዎች በሙሉ መልእክቱን ላክሁና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ስልኩ አላርፍ አለ። አንዱ ሰውዬ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ በዚያ ዓመት ሳዑዲ ስለነበርኩ ቀጠሮውን ማክበር አልቻልኩም ይለኛል። አንዷ ደግሞ በዚያ ዘመን ክሊኒካችሁ ተከፍቶ ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች። የተላከውን አውጥቼ አየሁ። አሁን ያለነው ኅዳር ላይ ነው፤ መልእክቱ የሚለው መጋቢት ነው፤ ያውም ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መጋቢት። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች መረመርኩት፤ እንከን የለውም። ተቀምጬ ስቆዝም፣ ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ትዝ አለችኝ። ጳጉሜን። የጥቅምት መጨረሻ።

ሰሚራ ጋ ደወልኩ። ልጇ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል። ቀጠሮ ስታስገቢ የምትጽፊው በማን ቀን ነበር አልኳት።

«በእኛ ነዋ» አለችኝ። «የምንኖረው በፈረንጅ ነው እንዴ?»

ሰሚራ የሚዘረጋውን ካላንደር ወደ ጎን ገፍታ የሐበሻውን ቀን፣ ወርና ዓመት በእጇ ትመታው ነበር። ሞኙ ዳታቤዝ ያለፈ የፈረንጅ ዓመት መስሎት ዝም ብሎ ይቀበላታል። መልእክቱም ሲወጣ እንዳስገባችው ስለሚወጣ ታካሚው በቀኑ ይመጣል። ጳጉሜን ላይ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልስባታል። ጥቅምት ለእሱ ሁለተኛው ወር ነው፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ደግሞ አጭር ስለሆነ መጨረሻው ላይ እምቢ ይላታል። እሷም አትጨቃጨቅም፣ ሰዉን ወደ ኅዳር ትቀጥረዋለች። ጸበልም ብርድም አልነበረም። እውነቱን ልናገርና፣ ለጥቂት ጊዜ በደስታ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የሠራሁት ሥራ ገባኝ። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ በሙሉ የሰሚራ ነው። በክሊኒኩ ውስጥ ልክ የነበሩት ቀኖች እነዚያ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አስተካከልኳቸው።

ሐኪሙ በማግስቱ ይገባል። ከሲስተር ማርታ ጋር ስልክ ተካፍለን ደወልን፤ ሁሉም ተገኘ፤ ጋሽ ሰይድ ብቻ አልተገኙም። አዝመራ ላይ ልሰንብት ብለው ደሴ ዙሪያ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ስልካቸው ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ባጃጅ ያዝኩ፣ ሚኒባስ ያዝኩ፣ የቀረውን በእግሬ አቀበቱን ወጣሁ። ልጃቸው ማሳው ዳር አስቀምጣቸዋለች። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን ጠቆረ።

«መልእክቱን ልጄ አነበበችልኝ» አሉኝ። «መጋቢት ነበር አለች። ያኔ ዓይኔ ደህና ነው፣ ሐረጎን በጉም እወርዳለሁ። ጠርታችሁኝ ሳልሰማ ቀርቼ ነው ለካ እንዲህ የሆንኩት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት አደርኩ።»

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ሰሚራ ልክ እንደነበረች፣ የሐበሻውን ቀን የፈረንጅ መስሎኝ እንደገና እንደለወጥኩት አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ስጨርስ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ መሣሪያው እኔን ወደዚያ መጋቢት መልሶኝ ነበር ማለት ነው አሉ። አዎ አልኳቸው።

«ምነው እዚያው በተወኝ» አሉና እጃቸውን ሰጡኝ፤ ደግፌያቸው ቁልቁለቱን ወረድን።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እኔም አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ሲስተር ማርታን አዩና አላህን አመሰገኑ፤ ሲስተር ማርታም አሜን አሉ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንዲህ ቀጭን ነህ እንዴ፣ ድምፅህ እኮ ወፍራም ነው አሉኝ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ያነበቡት ነገር የእኔ መልእክት ነው። ወሩን አነበቡ፣ ዓመቱን አነበቡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት።

ከዚያ እጃቸው ሸሚዛቸው ኪስ ገባና አንዲት አዲስ ቁልፍ አወጣ፤ ገና ታብለጨልጫለች። ከኮምቦልቻ ስንመለስ ያሠሩልኝ የግቢው ቁልፍ መሆኗን ነገሩኝ። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ስልኩን አንዴ አዩ፣ እኔን አንዴ አዩ፣ ቁልፏን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«አብሽር» አሉኝ። «አሁን እያየሁህ ነው።»